ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰጠንን ዋቢ በምን እናጣራ? የስድስት መንገዶች ንጽጽር

ከአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ረቂቅ ላይ በተራ ቁጥር 17 የተቀመጠውን ዋቢ ለማየት ዲኦአዩን (የጽሑፉን ቋሚ መለያ ቁጥር) ቀድቼ መፈለጊያው ላይ ስለጥፍ፣ የተከፈተልኝ ገጽ ስለ አፈር አሲዳማነት የሚያትት ጽሑፍ ነበር። ረቂቁ የሚያጠናው ግን እናቶች በጤና አገልግሎት እንዴት እንደሚጠቀሙ ነው። የደራሲዎቹ ስም በዘርፉ የታወቀ፣ የጆርናሉም ስም እውነተኛ ነው፤ ርዕሱ ደግሞ «ይህን እንዴት ሳላነበው ቀረሁ» የሚያሰኝ ነበር። ጽሑፉ ግን የለም። ተማሪው ሊያታልለኝ አልፈለገም፤ ከቻትጂፒቲ ተቀብሎ፣ ዲኦአይ ስላየበት ብቻ አምኖ አስገባው።

እንዲህ ያለውን ዋቢ በምን እንያዝ የሚለው ጥያቄ አሁን ከተማሪውም ከአማካሪውም ከጆርናል አዘጋጁም የሚመጣ ሆኗል። በእጃችን ያሉት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ አንዱ የሚይዘውን ሌላው ያሳልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ ለዚህ ሥራ ያልተሠሩ ሆነው ሳሉ እንደ ማረጋገጫ ይቆጠራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የምንፈልገውን ስሕተት እንለይ፣ ቀጥለን መመዘኛ እናውጣ፣ ከዚያ እያንዳንዱን መንገድ በመመዘኛው እንመልከት።

ምን ዓይነት ስሕተት ነው የምንፈልገው?

የቋንቋ ሞዴል ዋቢ ሲጠየቅ ከመደርደሪያ አውጥቶ አይሰጥም። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ የሚሠራ በመሆኑ ለርዕሱ የሚስማማ የደራሲ ስም፣ እውነት የሚመስል ርዕስ፣ ዓመትና የገጽ ቁጥር አሰናስሎ ያቀርባል፤ ያሰናሰለው ነገር መኖር አለመኖሩን የሚያውቅበት መንገድ ግን በራሱ ውስጥ የለውም። በ2023 እ.ኤ.አ. ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት፣ ቻትጂፒቲ በ42 ርዕሶች ላይ እንዲጽፍ ተደርጎ የሰጣቸውን 636 ማጣቀሻዎች አንድ በአንድ መርምሯል። ከጂፒቲ-3.5 ማጣቀሻዎች 55 በመቶው፣ ከጂፒቲ-4 ደግሞ 18 በመቶው የፈጠራ ሆነው ተገኙ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሁለተኛው ግኝት ነው፤ በእውን ካሉት ማጣቀሻዎች መካከልም በመጀመሪያው ሞዴል 43 በመቶው፣ በሁለተኛው 24 በመቶው ጉልህ የዝርዝር ስሕተት ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ሞዴሎቹ ተሻሽለዋል፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው የሚመልሱም መጥተዋል። ቢሆንም ዴሎይት የተባለው ዓለም አቀፍ የማማከር ድርጅት ለአውስትራሊያ መንግሥት ያዘጋጀውና ወደ 440 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር የሚያወጣው ሪፖርት የሌሉ ጥናቶችን ጠቅሶ በመገኘቱ፣ ኩባንያው በ2025 እ.ኤ.አ. ከክፍያው ከፊሉን ለመመለስ ተስማምቷል። የባለሙያ እጥረት የሌለበት ቤት እንኳ ማጣሪያውን ከዘለለ የሚሆነው ይህ ነው።

በሥራ ላይ የሚያጋጥሙኝን በአራት እከፍላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ከደራሲው እስከ ገጹ ሁሉም የተፈጠረ ዋቢ ነው። ሁለተኛው ቅይጡ ነው፤ እውነተኛ ደራሲ፣ እውነተኛ ጆርናል፣ ያልተጻፈ ርዕስ። ሦስተኛው ያለ ጽሑፍ ሆኖ ዓመቱ፣ ቅጹ ወይም የደራሲዎቹ ቅደም ተከተል የተዛባበት ነው። አራተኛውና ለመያዝ የሚያስቸግረው፣ ጽሑፉ በትክክል ያለ፣ ዝርዝሩም የተስተካከለ፣ ነገር ግን የተጠቀሰበትን ሐሳብ በጭራሽ የማይናገረው ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት ለመጀመሪያው፣ ቢበዛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ነው። አራተኛው የሚያዘው ጽሑፉን ከፍቶ በማንበብ ብቻ ነው።

መመዘኛዎቹ

ከዚህ ተነሥተን ማንኛውንም መንገድ በአምስት ጥያቄዎች እንመዝናለን። ጽሑፉ መኖሩን ያሳያል ወይ? ዝርዝሩን ከዋናው ጋር ለማመሳከር ያስችላል ወይ? ይዘቱ የተባለውን መናገሩን ለማየት ያደርሳል ወይ? በአማርኛ የተጻፉትንና በአገር ውስጥ የታተሙትን ያውቃቸዋል ወይ? ገንዘቡ፣ ጊዜውና የኢንተርኔት ፍጆታውስ ስንት ነው? አራተኛውን ጥያቄ በውጭ ቋንቋ የሚዘጋጁ መመሪያዎች አያነሡትም፤ ለእኛ ግን ወሳኙ እሱ ነው። ማውጫው ስላላወቀው ብቻ እውነተኛ የአማርኛ መጽሐፍ «ሐሰተኛ» ተብሎ ሊወድቅ ይችላልና።

አንደኛ፦ ዲኦአይና ክሮስሬፍ

ዲኦአይ ለአንድ ጽሑፍ በቋሚነት የሚሰጥ መለያ ቁጥር ሲሆን ሁልጊዜ በ10 እና በነጥብ ይጀምራል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን በዲኦአይ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ የሚከፈተውን ገጽ ማየት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገጹ በመከፈቱ ብቻ ረክቶ ሲመለስ ነው። የእኔው ተራ ቁጥር 17 ተከፍቷል፤ የተከፈተው ግን ሌላ ጽሑፍ ነው። ሞዴሉ የፈጠረው ቁጥር በአጋጣሚ የሌላ ሰው ሥራ ቁጥር ሊሆን ይችላልና የተከፈተውን ርዕስ ከዋቢው ርዕስ ጋር ቃል በቃል ማስተያየት ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ራሱም ፍንጭ ይሰጣል። በ10.1038 የሚጀምረው የኔቸር ቤተሰብ ኅትመቶች ነው፤ በ10.4314 የሚጀምረው ደግሞ መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ባደረገው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን በኩል የተመዘገበ ነው። በዚህ መድረክ ላይ የሚወጣ የኢትዮጵያ ጆርናል ተጠቅሶ መነሻው የሌላ አሳታሚ ሆኖ ከተገኘ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ጆርናሎች አሳታሚ ስለሚቀይሩ ግን ይህ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ሌላም አለ፤ ሳይንቲፊክ ሪፖርትስን የመሰሉ በኦንላይን ብቻ የሚወጡ ጆርናሎች የጽሑፍ ቁጥር እንጂ ተከታታይ የገጽ ቁጥር የላቸውም፤ ስለዚህ «ገጽ 112–128» ተብሎ የተጠቀሰ የዚህ ጆርናል ጽሑፍ ካያችሁ ዲኦአዩን እስክትከፍቱ እንኳ መጠበቅ የለባችሁም።

ዲኦአይ ከሌለ፣ አሳታሚዎች ዲኦአይ የሚያስመዘግቡበት ድርጅት በሆነው በክሮስሬፍ ነፃ የፍለጋ ገጽ ላይ ርዕሱን ማስገባት ይቻላል። ብዙ ዋቢ ላለበት ሰው ዝርዝሩን በጅምላ ለጥፎ የእያንዳንዱን ዲኦአይ የሚያገኝበት አገልግሎትም አለው። ጉድለቱ ሁለት ነው። ፍለጋው ሁልጊዜ የሚቀርበውን ነገር ስለሚያቀርብ ለተፈጠረው ርዕስም ተመሳሳይ እውነተኛ ርዕስ ያመጣል፤ የቸኮለ ሰው «አለ» ብሎ ያልፋል። ከዚህም ሌላ ክሮስሬፍ የሚያውቀው አባል አሳታሚዎች ያስመዘገቡትን ብቻ ነው፤ የመረጃ ስብስቦችና ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ዲኦአያቸውን የሚያገኙት ዳታሳይት በተባለ ሌላ ድርጅት በኩል ነው።

ሁለተኛ፦ ጉግል ስኮላር

ይህ የጉግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ሽፋኑ ሰፊ፣ ዋጋው ነፃ፣ አጠቃቀሙም ለማንም የሚገባ በመሆኑ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እኔም አልቃወምም። ሙሉውን ርዕስ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ መፈለግ ቅይጡን ዋቢ በፍጥነት ያጋልጣል። ወጥመዱ ውጤቱ አጠገብ በቅንፍ የሚወጣው «ሳይቴሽን» የሚለው ምልክት ነው። ይህ ምልክት ስኮላር ጽሑፉን ራሱን እንዳላገኘው፣ ሌሎች ሲጠቅሱት ብቻ እንዳየው ይናገራል። አንድ የተፈጠረ ዋቢ በታተመ ጽሑፍ ውስጥ ሾልኮ ከገባ በኋላ እዚህ ሊታይ ይችላል፤ ቀጥሎ የመጣው ተመራማሪም «ስኮላር ላይ አለ» ብሎ ይጠቅሰዋል።

ጠባዩ አዲስ አይደለም። ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ ለደራሲዎች ባዘጋጀው የአጻጻፍ ናሙና ውስጥ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተፈጠረ አንድ ዋቢ ነበረ፤ ሰዎች ናሙናውን ሲሞሉ ሳይሰርዙት እየቀሩ፣ ይህ የሌለ ጽሑፍ ወደ 400 ጊዜ ያህል ተጠቅሶ መገኘቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ያኔ ቻትጂፒቲ አልነበረም። የተጠቀሰበት ብዛት የመኖር ማስረጃ አለመሆኑን ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሌላው ችግር በተከታታይ ብዙ ከፈለጋችሁ ገጹ «ሮቦት አይደለሁም» እንድትሉ መጠየቅ መጀመሩ ነው፤ መቶ ዋቢ ላለው የዶክትሬት ሥራ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፦ የዘርፍ ማውጫዎች

ለጤና ሳይንስ ፐብሜድ ነፃ ነው፤ በውስጡ ያለው ሁሉ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። በሰፊ የሕክምና ጆርናል ላይ እንደወጣ ተነግሮ ፐብሜድ የማያውቀው ጽሑፍ ብርቱ ጥርጣሬ ይገባዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕንአሌክስም ነፃ ነው፤ ዘርፍ ሳይለይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሥራዎችን ይዟል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተጣሩ ናቸው፤ ነገር ግን ተቋም የሚከፍልባቸው ስለሆኑ ለግለሰብ አይታሰቡም። ለዋቢ ማጣራት ብቻ ተብሎ መክፈልም አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ነፃዎቹ ያንኑ ይሠራሉ።

አራተኛ፦ የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌሮች

ዞቴሮ፣ ሜንዴሌይና ኤንድኖት ዋቢን ለማደራጀት የተሠሩ እንጂ እውነትነትን ለመመርመር የተሠሩ አይደሉም፤ ይህን መጀመሪያ መለየት ይገባል። ዞቴሮ ነፃ ሲሆን 300 ሜጋባይት ማከማቻ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሜንዴሌይ 2 ጊጋባይት፤ ኤንድኖት የሚገዛ ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን አንዱ አሠራራቸው ዲኦአይ፣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ወይም የፐብሜድ ቁጥር ሲሰጣቸው ዝርዝሩን ራሳቸው ከምንጩ ማምጣታቸው ነው። ዋቢውን በዚህ መንገድ ያስገባ ሰው ከሦስተኛው ዓይነት ስሕተት በአብዛኛው ይድናል። ዞቴሮ ከዚህም በላይ በቤተ መጻሕፍታችሁ ካሉት መካከል ከታተመ በኋላ የተሻረ ጽሑፍ ካለ በቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳያል።

አደጋው ያለው በሌላው በር ነው። ቻትቦቱ ማጣቀሻውን ለሶፍትዌሩ በሚስማማ ቅርጽ እንዲጽፍ ቢጠየቅ ይጽፋል፤ ሶፍትዌሩም ሳይጠይቅ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በተመረጠው የአጻጻፍ ስልት ነጠላ ሰረዝ ሳይስት አሰካክቶ ያወጣዋል። በደንብ የለበሰ ሐሰት ከተጎሳቆለ ሐሰት ይልቅ ገምጋሚን ያልፋል። በእጅ ወይም በፋይል የገባ ዋቢ በሶፍትዌሩ ውስጥ በመኖሩ ምንም አልተረጋገጠም።

አምስተኛ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት

እዚህ ሁለት ነገር ይምታታል። አንደኛው ዋቢውን የሰጠውን ቻትቦት መልሶ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ይህ ማጣራት አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በታየው፣ ማታ የተባለ ግለሰብ አቪያንካ አየር መንገድን በከሰሰበት ክርክር የከሳሹ ጠበቃ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎችን ከቻትጂፒቲ ተቀብሎ አቀረበ፤ ተጠራጥሮ መልሶ ሲጠይቀውም ውሳኔዎቹ እውነተኛ እንደሆኑና በታወቁት የሕግ መረጃ ቋቶች እንደሚገኙ አረጋገጠለት። ፍርዱ የመጣው 5,000 ዶላር ቅጣት ሆኖ ነው። ነገሩ ከሕግ ዓለም ቢሆንም የእኛም ተማሪዎች በየቀኑ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው።

ሁለተኛው እንደ ኤሊሲት፣ ኮንሰንሰስና ሳይት ያሉ፣ ከእውነተኛ የጽሑፍ ቋት ላይ ፈልገው የሚመልሱ አገልግሎቶች ናቸው። እነዚህ የሚያቀርቡት ጽሑፍ በአብዛኛው በእውን ያለ ነው፤ ከመጀመሪያው ስሕተት ያርቃሉ። ነገር ግን ስሕተቱን ወደ አራተኛው ዓይነት ያሸጋግሩታል፤ ጽሑፉ አለ፣ ማጠቃለያው ግን ያልተባለውን ይላል፣ ወይም ጥናቱ በጥንቃቄ ያስቀመጠውን ገደብ ይተወዋል። ጽሑፍ ለማግኘት መልካም መነሻ ናቸው፤ ለማረጋገጥ ግን መደምደሚያ አይሆኑም። በነፃ የሚፈቅዱት መጠንም ውስን ነው።

ተርኒቲንን ለዚህ የሚጠቀሙ ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ተርኒቲን የሚያሳየው የጽሑፍ መመሳሰልን ነው። የዋቢ ዝርዝሩ ከምርመራው ካልተገለለ፣ እውነተኛ ዋቢ ሌሎች ስለጠቀሱት ብዙ ጊዜ ቀለም ይቀባል፤ የተፈጠረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከየት ልጀምር ለሚል አማካሪ ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ዝቅተኛ መቶኛ ግን ስለ ዋቢዎቹ እውነትነት ምንም አይመሰክርም።

ስድስተኛ፦ ቤተ መጻሕፍትና የሰው ዓይን

በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በሕግና በሥነ ጽሑፍ ለሚሠራ ሰው ከላይ ያሉት ሁሉ ቢደመሩ ይህን አይተኩም። በአገር ውስጥ የሚወጡ ብዙ ጆርናሎች ዲኦአይ የላቸውም፤ የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት የመጽሐፍ መለያ ቁጥር እንኳ የላቸውም። ቁጥር ካለው ግን ማየት ይጠቅማል፤ ለኢትዮጵያ የተሰጠው መነሻ 978-99944 ነው።

ማሽን እውነተኛውን ዋቢያችንን ሐሰት የሚያስመስልባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው፤ እኛ የምናስቀድመው የሰውየውን ስም ሲሆን የውጭ ማውጫዎች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ ባሕሩ ዘውዴ አንዱ ጋ በ«ባ»፣ ሌላው ጋ በ«ዘ» ሥር ይገኛሉ። ሁለተኛው ዘመን ነው፤ በ1984 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በውጭ ማውጫ 1991 ወይም 1992 ተብሎ ይመዘገባል፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስታዩ ከስሕተት በፊት የዘመን አቆጣጠርን ጠርጥሩ። ሦስተኛው የፊደል ነገር ነው፤ ጸሐይና ፀሐይ፣ ኃይሌና ሀይሌ በላቲን ፊደል ሲገለበጡ ደግሞ መልካቸው ይበዛል። ቢያንስ ሦስት አጻጻፍ ሳይሞክሩ «የለም» ማለት ተገቢ አይደለም።

ለእነዚህ ሥራዎች ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር ተቀዳሚ ናቸው። የተቋሙ ጆርናል የቆዩ እትሞች ጄስቶር በተባለው የጆርናሎች የኤሌክትሮኒክ ቋት ላይ ይገኛሉ። ለመመረቂያ ጽሑፎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ በነፃ ይከፈታል፤ «ያልታተመ የማስተርስ ጽሑፍ» ተብሎ የተጠቀሰ ነገር ሁሉ እዚያ መፈለግ አለበት፤ ምክንያቱም ቻትቦቶች መደበቂያ ሲያጡ የሚያስቀምጡት የዋቢ ዓይነት ይህ እንደሆነ አስተውያለሁ። በውጭ ያላችሁ ደግሞ ወርልድካትን (የብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት የጋራ ማውጫን) እና የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን ማውጫ ሞክሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በናይሮቢ ቢሮው በኩል የኢትዮጵያ ኅትመቶችን ይሰበስባል። የዚህ መንገድ ዋጋ ጊዜ ነው፤ አንድ ዋቢ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | መኖሩን ያሳያል? | ዝርዝሩን ያመሳክራል? | ይዘቱን ያሳያል? | ለአገር ውስጥ ኅትመት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዲኦአይና ክሮስሬፍ | ዲኦአይ ላለው በጣም | በጣም | ወደ ጽሑፉ ይመራል | ውስን | ነፃ |
| ጉግል ስኮላር | አዎ፣ «ሳይቴሽን» ከሚለው በቀር | በመጠኑ | አንዳንዴ ሙሉውን | መካከለኛ | ነፃ |
| ፐብሜድ፣ ኦፕንአሌክስ | በዘርፋቸው በጣም | በጣም | በአብዛኛው አጠቃሎውን | ውስን | ነፃ |
| ስኮፐስ፣ ዌብ ኦፍ ሳይንስ | በጣም | በጣም | አጠቃሎውን | ጥቂት | ተቋም ይከፍላል |
| ዞቴሮና መሰሎቹ | በመለያ ቁጥር ከገባ ብቻ | በመለያ ቁጥር ከገባ ብቻ | አያሳዩም | እንደ ምንጩ | ነፃ ወይም ግዢ |
| ፈልገው የሚመልሱ አገልግሎቶች (እንደ ኤሊሲት) | በአብዛኛው | በመጠኑ | ያጠቃልላሉ፣ ይሳሳታሉ | ደካማ | በከፊል ነፃ |
| ቤተ መጻሕፍት | አዎ | አዎ | አዎ | ከሁሉ የተሻለ | ጊዜ |

ለማን የትኛው?

በሞባይል ዳታ የሚሠራና 40 ያህል ዋቢ ያለው የማስተርስ ተማሪ ከዲኦአይና ከጉግል ስኮላር ሌላ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም ገጾች ቀላል ናቸው፣ ለአንድ ዋቢ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ዋቢውን በዞቴሮ በመለያ ቁጥር እያስገባ ከጀመረ ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ጽሑፎቹን ከፍቶ ከማንበብ በቀር የሚጣራ ነገር አይቀርለትም።

በአንድ ወሰነ ትምህርት ብዙ ረቂቅ የሚደርሰው አማካሪ ሁሉንም ማየት አይችልም። እኔ የማደርገው ከየረቂቁ አሥር ዋቢ መርጦ መክፈት ነው፤ ምርጫው ግን በዕጣ አይደለም፤ ክርክሩ የሚቆምባቸውን፣ በጣም የሚመቹ ርዕሶች ያሏቸውንና ዲኦአይ የሌላቸውን አስቀድማለሁ። ከአሥሩ አንዱ የፈጠራ ከሆነ ረቂቁ ለሙሉ ማጣራት ይመለሳል። ተማሪው የእያንዳንዱን ዋቢ የመጀመሪያ ገጽ በአንድ ፎልደር እንዲያስረክብ መጠየቅ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይልቅ ሠርቶልኛል።

የጆርናል አዘጋጅ ጽሑፉ ወደ ገምጋሚ ከመሄዱ በፊት ዝርዝሩን በክሮስሬፍ በጅምላ ያሳልፍ፤ ያልተገኙትን ብቻ በእጅ ይይ። እዚህ ላይ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ ለጸሐፊው በሚላከው ደብዳቤ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በተለይ የአማርኛ፣ የግዕዝ ወይም የአፋን ኦሮሞ ምንጭ ከሆነ ቅጂ ይጠየቅ እንጂ ክስ አይጻፍ።

በጤና ተቋም ወይም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተመራማሪ ሙሉ ጽሑፍ ለማንበብ ከመክፈሉ በፊት ተቋሙ የሂናሪ (የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ጽሑፎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የሚያቀርብበት ፕሮግራም) መግቢያ እንዳለው የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ይጠይቅ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው አገልግሎት ነው፤ ለአራተኛው ዓይነት ስሕተት ደግሞ ሙሉ ጽሑፍ የግድ ነው። በዋሽንግተን ወይም በአውሮፓ ሆኖ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ የዶክትሬት ተማሪ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙሉ ጽሑፍ አያጣም፣ የአማርኛውን ምንጭ ግን በማሽን ብቻ አጣርቶ እንዳይጥል፤ አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ መጽሐፉን ከፍቶ የርዕስ ገጹን ፎቶ ቢልክለት ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

የፈጠራ ዋቢ ሲገኝ የብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ ለዚያው አረፍተ ነገር የሚሆን ሌላ እውነተኛ ዋቢ መፈለግ ነው። እኔ አልመክርም፤ ዋቢው ከቻትቦት ከመጣ ሐሳቡም ከዚያው የመጣ ሊሆን ይችላል። የተራ ቁጥር 17 ጉዳይ ያለቀው እንዲሁ ነው፤ ዋቢው ሲወጣ በእሱ ላይ የቆመው የመቶኛ አሃዝ ምንጭ አጣ፣ አሃዙ ሲወጣ የምዕራፍ ሁለት አንድ ሙሉ አንቀጽ አብሮ ወጣ፤ ተማሪው በምትኩ ከፐብሜድ ያገኛቸውን ሁለት ጥናቶች አንብቦ አንቀጹን እንደገና ጻፈው፣ ቁጥሩም ከቀድሞው በጣም ያነሰ ሆነ።